የመስኮት ስቱኮ ለምን ይሰነጠቃል?

የክረምት ዝናብ ከነፋስ ጋር በሚወርድበት ዕለት፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ ደፉ በውኃ ሲርስ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። በብረት ፍሬም መስኮቶች ላይ በቅድሚያ መመርመር ያለበት መስታወቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ስቱኮ ነው።

ነባሩ የመስኮት ስቱኮ የደቀቀ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው። ሲጠነክር «ደረቀ» እንላለን፤ አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። ጭቃ የሚደርቀው ውኃው ተኖ ሲሄድ ነው። ከስቱኮው የሚተን ውኃ የለም፤ እንዲያውም ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ በመጀመሪያ ክብደቱ ይጨምራል። ከተልባ ዘይት ፋቲ አሲዶች ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ሊኖሌኒክ አሲድ በሰንሰለቱ ላይ 3 ድርብ ትስስሮች አሉት። ኦክስጅኑ በእነዚህ አካባቢ ገብቶ አንዱን ሰንሰለት ከሌላው ጋር ያቆላልፋል፤ ፈሳሹም ወደ ጠጣር መረብ ይለወጣል። በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ፋቲ አሲድ ያለው 1 ድርብ ትስስር ብቻ በመሆኑ እንዲህ አይጠነክርም። የኑግ ዘይት በመካከል ይገኛል፤ በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ የሚጋገረው አጣባቂ ነገር የዚሁ ሂደት ውጤት ነው።

ችግሩ ሂደቱ በተፈለገው ቦታ አለመቆሙ ነው። ለዓመታት እየቀጠለ ስቱኮውን ደረቅና ተሰባሪ ያደርገዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ የሚበረታው አልትራቫዮሌት ጨረር ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ብረቱም ቀን ሲሞቅ እየተለጠጠ፣ ሌሊት እየተኮማተረ ስንጥቁን ያሰፋዋል። በስንጥቁ የገባው ውኃ ብረቱን ያዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከተገኘበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ መስታወቱን ይገፋል። ድንጋይ የወረወረ ልጅ ሳይኖር መስታወት የሚሰነጠቀው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለሆነም በአሮጌው ላይ አዲስ መለጠፍ ዝገቱን መሸፈን እንጂ ጥገና አይደለም። ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ የላላው ስቱኮ በመሮ ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ ዝገቱ ይፋቅና ብረቱ አንቲረስት ይቀባል። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳያረጥቡ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም። አዲሱ ስቱኮ በእጅ ታሽቶ ከለሰለሰ በኋላ ክፍተት ሳይተው ይጠቀጠቃል፤ ገጹም ውኃ እንዲያንሸራትት ዘንበል ተደርጎ በስፓቱላ ይስተካከላል። ወለሉ ቆዳ እስኪያወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ይቆይና የዘይት ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ኦክስጅንንና ጨረርን የሚገታው እርሱ ነው። ወደ መስታወቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማለፍ ይኖርበታል፤ ውኃ የሚሰርገው በዚያች ጠርዝ ነውና። ሲሊኮን የሚመርጡም አሉ፤ ሳይደርቅ ተለጣጭ ሆኖ ይኖራል፣ የተለመደው ዓይነት ግን ቀለም አይዝም።

ከሥራው በኋላ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል። ስቱኮውን የሚያጠነክረው ሂደት ሙቀት ያመነጫል፤ በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው እሳት ሊነሣ ይችላል። ጨርቁን ውኃ ውስጥ መንከር፣ ወይም ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማስጣት ይገባል።