የወተት ምርመራ ከጎተራው ይጀምር

ወተት ከላሚቱ ጡት አንሥቶ ከሕፃን አፍ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ሰው እጅ የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ መርማሪ ያስፈልገዋል።

በሰላሌ፤ በሱሉልታና በሆለታ በኩል ገበሬው ያለበውን ወተት ማለዳ ወደ መሰብሰቢያው ይዞ ሲመጣ፤ ተቀባዩ ላክቶሜትር የተባለውን መለኪያ ይነክርበታል። ወተት ከውሃ የከበደ ስለ ሆነ፤ ውሃ ተጨምሮበት እንደ ሆነ መለኪያው አለልኩ ይሰጥማል። ደግሞም ከወተቱ ጥቂት ቀድቶ በእኩል አልኮል ይፈትነዋል፤ መኮምጠጥ የጀመረው ወዲያው ይረጋል። ይህ ፈተና ርካሽና ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን አታላይ ሰው ያመልጠዋል። ቅባት ከውሃ ይልቅ ቀላል ነውና፤ ስልባቦቱን ገፎ ውሃ የሚጨምር ሰው መለኪያውን ወደ ልኩ ሊመልሰው ይችላል። ጾም ተፈትቶ ፈላጊ በሚበዛበት ሰሞን ይህ ፈተና ለብዙ ሻጭ የቀረበ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ከውሃው ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሁለቱም መፈተኛ ፈጽሞ የማያየው ነገር ነው። ላሞች ከሚቀለቡት መኖ አንዱ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው የኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ሲከማች ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ላሚቱ በበላችው ጊዜ ከፊሉ ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተቱ አይኮመጥጥም፤ መልኩም አይለወጥም፤ ቢያፈሉትም መርዙ አይጠፋም። ይህም መርዝ የጉበት ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ጋር የሚቈጠር ነው።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ታትሞ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና አስመርምሮ መርዙን በሁሉም ውስጥ አግኝቷል። አውሮፓውያን ከወሰኑት ልክ፤ ማለት በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፤ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ይህ ልክ እጅግ የጠበቀ ነው የሚል ቢኖር፤ አሥር እጥፍ በሚሰፋው በአሜሪካ ልክ ሲመዘን እንኳ ከአራቱ አንዱ ያህል አልፎ ተገኝቷል። ከመኖውም ሁሉ የባሰው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ታየ።

እንግዲህ በመሰብሰቢያው ደጅ ብቻ የሚቆም መርማሪ ዘግይቶ የመጣ ነው። ወተቱ ተደፍቶበት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ገበሬ ፋጉሎውን የገዛው እንጂ ያሻገተው ላይሆን ይችላል። የከተማው ጤና ሹም ወደ ፋጉሎ ነጋዴው መጋዘን ገብቶ ጆንያው በእርጥብ መሬት ላይ መጣሉን፤ ጣራው ማፍሰሱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልገውም። ላሚቱም ከተበላሸው መኖ በተለየች በጥቂት ቀን ውስጥ ወተቷ ከመርዙ ይጠራል።