ርካሹ መርሴዲስ በኪሎ ሜትር ስንት ይፈጃል?

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አዲስ ሳለ ከቶዮታ ኮሮላ በእጅጉ ይበልጥ የነበረ አነስተኛ የቅንጦት መኪና ዕድሜው ሲገፋ ዋጋው ከኮሮላው ጋር ይቀራረባል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይጠራል። ገዢው “በኮሮላ ዋጋ መርሴዲስ አገኘሁ” ይላል። ደላላውም ይህንኑ እየነገረ ያሻሽጣል። ነገር ግን የመኪና ዋጋ በሊብሬ ርክክብ ዕለት የሚከፈለው ብቻ አይደለም። ትክክለኛው ዋጋ መኪናው ከተገዛበት ቀን አንስቶ እስከሚሸጥበት ቀን ድረስ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚወጣው ነው።

ለአብነት መርሴዲስ ሲ-180 ኮምፕረሰርን እንውሰድ። የሞተሩ ይዘት 1 ሺህ 796 ሲሲ፣ ጉልበቱ 143 የፈረስ ጉልበት፣ የነዳጅ ጋኑ 62 ሊትር ነው። 1 ሺህ 796 የሚለው ቁጥር ለነጋዴ ትርጉም ነበረው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት ከ1 ሺህ 301 እስከ 1 ሺህ 800 ሲሲ ያለው መኪና 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 100 በመቶ ታክስ ይከፈልበት ስለነበር ይህ ሞተር በ4 ሲሲ ልዩነት በ60 በመቶው እርከን ላይ ይቀር ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። ስለዚህ ገበያው የሚያገላብጠው በአመዛኙ ቀድመው የገቡትን ነው። እነሱም በየዓመቱ ያረጃሉ።

ነዳጅ፡- የፋብሪካው ቁጥርና የከተማው ቁጥር

ፋብሪካው ለዚህ መኪና የሚሰጠው አማካይ ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ግድም ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው በቤተ ሙከራ ነው። የዚያን ጊዜው የአውሮፓ መለኪያ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚረዝም ሲሆን ዳገት የለበትም፣ የአየር ማቀዝቀዣም አይበራበትም። የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ግን ዳገት ይወጣል፣ በመብራትና በአደባባይ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል። እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ይበላል። በቀን አንድ ሰዓት በትራፊክ መጨናነቅ የሚቆም ሰው በ300 የሥራ ቀናት 300 ሊትር ገደማ አንድ ሜትር እንኳ ሳይነዳበት ያቃጥላል ማለት ነው።

ክብደትም አለ። መርሴዲሱ ከ1 ሺህ 400 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን የዘመኑን ኮሮላ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይበልጠዋል። ያንን ክብደት ከቆመበት ለማስነሣት የወጣው ነዳጅ በሚቀጥለው ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በክፍት መንገድ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በየ200 ሜትሩ በሚቆምበት ከተማ ግን ይሰፋል።

የነዳጅ ዋጋ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ ይህን ያህል ማስላት አያስፈልግም ነበር። የመንግሥት ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከመጀመሩ በፊት፣ በሰኔ 2014፣ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 36 ብር ከ87 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በመስከረም 2017 መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያም 100 ብርን አለፈ። እንግዲህ ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 120 ብር፣ የመርሴዲሱን የከተማ ፍጆታ 12 ሊትር፣ የኮሮላውን 9 ሊትር እንያዝ። በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 450 ሊትር፣ ማለትም 54 ሺህ ብር ይሆናል።

ከነዳጅ የሚበልጠው ወጪ

ገዢዎች አብዝተው የሚጠይቁት “በሊትር ስንት ይሄዳል?” ብለው ነው። ይሁንና ሒሳቡን የሚያዛባው ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ሳይሆን ጋራዡ ነው። የኮሮላ መለዋወጫ በሶማሌ ተራም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች በብዙ ሻጮች እጅ ስለሚገኝ ውድድሩ ዋጋውን ይይዘዋል። የመርሴዲሱ ግን በጥቂቶች እጅ ያለ ወይም በትዕዛዝ የሚመጣ ነው። የሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ሁሉ ላይ አርፏል።

የሞተር ዘይቱም ያው ነው። ፋብሪካው የሚፈቅደው በራሱ መለያ ቁጥር የተመዘገበ ዘይት ብቻ ሲሆን ርካሽ ዘይት የሞላ ሰው ትርፉን በካቴና መላላት ይከፍላል። አውቶማቲክ ካምቢዮም ዘይቱ በወቅቱ ካልተለወጠ ጥገናው ከባድ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት ሲኖር በጆሮ የሚያዳምጥ መካኒክ አይበቃም፤ የመመርመሪያ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል።

ኢንሹራንሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙሉ ዋስትና የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ግምት ላይ ነው። ዓረቦን ለመቀነስ ሲል ግምቱን ያሳነሰ ባለንብረት ጉዳት በደረሰበት ጊዜ ካሳውም በዚያው መጠን ተቀንሶ ሊሰጠው ይችላል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ቢመዘገብ የ200 ሺህ ብር ጥገና በ100 ሺህ ብር ሊዘጋ ይችላል።

ቅናሹ ስጦታ ነው ወይስ ብድር?

አሁን ሁሉንም እናጠቃልለው። መርሴዲሱ 2 ሚሊዮን፣ ኮሮላው 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይጠራ እንበል። ገዢው 500 ሺህ ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሸጡ ግን ባለኮሮላው ያንኑ ብልጫ መልሶ ያገኘዋል። እንግዲያው 500 ሺህ ብሩ ትርፍ ሳይሆን ለሦስት ዓመት የተሰጠ ብድር ነው። ጥቅሙም በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያፈራው ብቻ ነው። በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ብናሰላው በሦስት ዓመት 105 ሺህ ብር ይሆናል።

በወጪ በኩል የነዳጁ ልዩነት በሦስት ዓመት 162 ሺህ ብር ነው። የጥገናና የመለዋወጫ ብልጫውን በዓመት 80 ሺህ ብንይዝ 240 ሺህ ይደርሳል። ኮሮላ ለገበያ በወጣ ሰሞን ገዢ ሲያገኝ መርሴዲሱ ሦስት ወር ቢቆም፣ 2 ሚሊዮኑ በዚያ ጊዜ ሊያፈራ ይችል የነበረው 35 ሺህ ብር ይታሰባል። ድምሩ 437 ሺህ ነው። 105 ሺህ ሲቀነስ 332 ሺህ ብር ይቀራል። በ45 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲካፈል መርሴዲሱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከኮሮላው በላይ 7 ብር ከ38 ሳንቲም ፈጀ ማለት ነው። ይህም ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ካልተበላሸ ነው።

ለማን ያዋጣል?

መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ገንዘቡን በዓመት 30 በመቶ የሚያተርፍበት፣ መኪናውንም ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ፣ በዓመት 8 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ነጋዴ ሒሳቡ ይገለበጥለታል። ያልከፈለው 500 ሺህ ብር በሦስት ዓመት 450 ሺህ ያተርፍለታል። የነዳጅ ልዩነቱ ወደ 86 ሺህ ብር ይወርዳል። የጥገና ብልጫው በግማሽ ቢቀንስ 120 ሺህ ነው። በሽያጭ ጊዜ የሚቆመው ገንዘብም በዚያው በ30 በመቶ ሲሰላ 150 ሺህ ነው። ወደ 94 ሺህ ብር ይተርፈዋል። ቁም ነገሩ ግን 500 ሺህ ብሩ በእርግጥ ሥራ ላይ ከዋለ ብቻ ነው። ለሌላ ወጪ የዋለ ከሆነ መርሴዲሱ ምንም አላተረፈለትም።

ቀኑን ሙሉ ከቦሌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ሳሪስ ሲመላለስ ለሚውል ደላላ ግን አያዋጣም። ብዙ በነዳ ቁጥር በነዳጅም በጥገናም ይጎዳል፤ መኪናው ጋራዥ የገባበት ቀንም ሥራ የቆመበት ቀን ነው።

ኮከብ ያለበት መኪና በደንበኛ ፊት ክብርና እምነት ያስገኛል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ያ ክብር ግን በኪሎ ሜትር 7 ብር ከ38 ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ መሆኑን አውቆ መግዛት ይገባል። ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ቁጥሮችን በወረቀት ላይ ያስፍር፤ በዓመት የሚነዳውን ኪሎ ሜትር፣ ገንዘቡ በሥራው የሚያተርፍለትን መቶኛ፣ እንዲሁም የካምቢዮ ጥገና ዋጋን ከሁለት ጋራዦች ጠይቆ። የመጨረሻውን መጠን ከመግዣው ዋጋ ውጪ በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ የማይችል ከሆነ መኪናው ለእሱ ርካሽ አይደለም።