ሥራ ፈላጊ ስለ ሙያው የሚጽፈው ገጽ ምስክር እንጂ ምስጋና አይደለም

ሰው ሠርቶ ለማደር ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ሥራውን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ማወቁን ለሚያሠራው ሰው ማስታወቅ ነው። ፊተኛው ያለ ሁለተኛው ቢሆን እውቀቱ እንደ ተቀበረ መክሊት ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ያለ ፊተኛው ቢሆን ግን ማታለል ይሆናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገርበት የወደድነው ይህ ማስታወቅ በዘመናችን እንዴት እንደሚደረግ ነው፤ ይልቁንም ሥራ ፈላጊው ስለ ሙያው በኢንተርኔት የሚጽፈው ገጽ፥ ፕሮፋይል የሚባለው፥ በምን ዓይነት ቢጻፍ እንደሚጠቅም እንገልጻለን።

በቀድሞ ዘመን ሹመት ወይም እንጀራ የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ጠዋትና ማታ በመኳንንቱ ደጅ ቆሞ እስኪታይ ድረስ ይጠብቃል፤ ከታየም በኋላ የሚያውቀው ሰው ካልተናገረለት ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ልማድ ብዙ ጊዜና ብዙ ስንቅ ይፈጅ ስለ ነበረ በሩቅ አገር ያለ ድኻ አይችለውም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የነበረውና እስከ ዛሬም ያለው ሥርዓት ግን ከዚህ የተሻለ ነው። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አባ ሄዶ በመምህራን ፊት ያስመሰክራል። ደቀ መዝሙሩ ስለ ራሱ አዋቂ ነኝ አይልም፤ መምህሩ ይመሰክርለታል። በሄደበትም ደብር ሁሉ ከማን እንደ ተማረና የት እንዳስመሰከረ ይጠየቃል፤ መልሱም እውነት ከሆነ ዘመድ ባይኖረው እንኳ ቦታ ያገኛል።

የዛሬው የኢንተርኔት የሙያ ገጽ በአሳቡ ከዚሁ ማስመስከር የራቀ አይደለም። ከእነዚህ መዝገቦች የገነነው ሊንክዲን የሚባለው ነው። ይህ መዝገብ በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ግንቦት ወር ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2016 ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ26 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው ተዋዋለ፤ በ2023 መጨረሻ የአባሎቹ ቍጥር ከ1 ቢሊዮን በላይ መሆኑ ተነገረ። በአገራችንም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አቋቁሞ ሥራ ፈላጊዎችን ይመዘግባል። መዝገቡ የትኛውም ቢሆን ነገሩ አንድ ነው፤ ሰውዬው ደጅ ሳይቆም ምስክሩ በእርሱ ፈንታ ደጅ ይቆምለታል።

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ ስፍራ አድርገን እንመልከተው። ሶደሬ ከአዳማ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ የአሰላን መንገድ ይዞ በአዋሽ መልካሳ በኩል የሚደረስበት፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለ የፍል ውኃ ስፍራ ነው። ለመታጠብ፥ ለመዋኘትና ለማረፍ ከአዳማና ከአዲስ አበባ፥ ከሌላም አገር ብዙ ሰው ይመጣል። እንግዳ ተቀባዩ፥ ወጥ ቤቱ፥ አልጋ አንጣፊዋ፥ የመዋኛው ጠባቂና ሒሳብ ተቀባይዋ በእንደዚህ ያለ ስፍራ የሚገኙ ባለሙያዎች ናቸው። እንግዲህ በመዋኛ ጠባቂነት ስምንት ዓመት ያገለገለ አንድ ሰው አለ እንበል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሥራውን ጠንቅቆ አውቋል። ነገር ግን ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ሄዶ በሌላ ሆቴል ሊቀጠር ቢፈልግ ስምንቱን ዓመት የሚያሳይለት ምንድን ነው? ትጋቱን ያዩት እንግዶች ሰንብተው ወደየአገራቸው ሄደዋል፤ አለቃው ምናልባት ተለውጧል፤ በእጁም አንድ ወረቀት የለም። እንደዚህ ያለ ሰው የሥራ ዘመኑን ሁሉ ከኋላው ጥሎ እንደ ጀማሪ ሊቆጠር ይችላል። የደመወዙም ነገር እንደዚሁ ወደ ታች ይወርዳል።

የዚህ ሰው ችግር የሙያ ማነስ ሳይሆን የትውውቅ መጥበብ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ባሳተመው ጥናት፥ ሰው አዲስ ሥራ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ ወዳጁ ሳይሆን አልፎ አልፎ በሚያገኘው በሩቅ ትውውቁ በኩል መሆኑን አስረዳ። ምክንያቱም የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ የሩቁ ሰው ግን እኛ ያልሰማነውን ይሰማል። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ሌላ ጥናትም በሊንክዲን ላይ ወደ 20 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎችን መርምሮ ለሥራ ለውጥ ይበልጥ የሚረዳው እጅግ የጠበቀው ዝምድና ሳይሆን መጠነኛው ትውውቅ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ የሶደሬው ጠባቂ ከእርሱ ጋራ ሠርተው ወደ ቢሾፍቱ፥ ወደ ባቱ ወይም ወደ ሐዋሳ የሄዱትን ባልንጀሮቹን፥ ያሠለጠኑትን መምህራንና የቀድሞ አለቆቹን በገጹ ቢያገናኝ፥ ከመንደሩ የሚሰፋ ደጅ ይከፈትለታል።

ገጹ እንዴት ይጻፍ? አንዳንድ ሰው በዚህ ገጽ ላይ "ትጉህ፥ ታታሪ፥ ከሁሉ ጋራ ተስማምቶ የሚሠራ" ብሎ ይጽፋል። ይህ ምስጋና ነው፤ ሰነፉም እንደዚሁ ሊጽፈው ስለሚችል ለአንባቢው አንዳች ነገር አያስረዳውም። ጠባቂያችን ግን "ከ2008 እስከ 2016 ዓ.ም. በፍል ውኃ መዋኛ ጠባቂ ሆኜ አገለገልሁ፤ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የውኃውን ንጽሕና በየቀኑ እመረምር ነበር፤ ስድስት ሠራተኞችን እመራ ነበር፤ አፋን ኦሮሞ፥ አማርኛና ለእንግዳ የሚበቃ እንግሊዝኛ እናገራለሁ" ብሎ ቢጽፍ ይህ ምስክር ነው። ዘመኑ፥ ስፍራው፥ ሥራውና መጠኑ ስለ ተገለጸ አሠሪው ሊጠይቅና ሊያረጋግጥ ይችላል። በስሙ ሥር የሚጻፈው አጭር መስመርም ሥራ ፈላጊ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ሙያውን ይናገር። ፎቶግራፉ ፊቱ በግልጽ የሚታይበትና ልብሱ ሥርዓት ያለው ይሁን። የውጭ አገር አሠሪ እንዲያነበው የሚሻ በእንግሊዝኛም ይጻፈው፤ ቋንቋው ካልሆነለት የሚያውቅ ሰው ያርመው እንጂ የማያውቀውን ቃል አይደርድር።

ከዚህ በኋላ የምስክሮቹ ነገር ይከተላል። በሊንክዲን ላይ የቀድሞ አለቃ ወይም የሥራ ባልደረባ ስለ ሰውዬው ምስክርነት ሊጽፍለት ይችላል፤ የጸፈውም ሰው ስሙና የሥራ ማዕረጉ አብሮ ይታያል። ከዚህም የሚጸና ሌላ ምስክር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 እንደ ደነገገው፥ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ግዴታ አለበት። ይህን መብቱን የማያውቅ ሠራተኛ ወረቀቱን ሳይጠይቅ ከሥራው ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ለመጠየቅ ያፍራል። ስለዚህ ገጹን ከመክፈቱ አስቀድሞ ወረቀቱን ይጠይቅ፤ ገጹም ከወረቀቱ ጋራ ይስማማ። ደመወዙን ግን ለሁሉ ማሳየት አያስፈልገውም።

በዚህ ነገር ሁለት አደጋ አለ። አንደኛው ሐሰት ነው። ያልተማረውን ተማርሁ፥ ያልሠራበትን ሠራሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው፥ "ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ" እንደ ተባለው፥ ምስክር በተጠየቀ ጊዜ ያፍራል። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ያቀረበ እንደ ሆነም እፍረት ብቻ አይበቃውም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንና በእርሱም መገልገልን ይቀጣል። ሁለተኛው አደጋ ከሌላ ሰው የሚመጣ ነው። ሥራ እናስገባሃለን ብለው የምዝገባ ወይም የሥልጠና ገንዘብ የሚጠይቁ አታላዮች በእነዚህ መዝገቦችና በቴሌግራም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና ኢትዮጵያ በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ቁጥር 181 ስምምነት፥ የግል ሥራ አገናኞች ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ በመሠረቱ ይከለክላል። እንግዲህ አስቀድመህ ገንዘብ ላክ የሚልን ሰው መሸሽ ነው። የመታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቍጥርን፥ የመኖሪያ ቤትንም አድራሻ በገጹ ላይ መጻፍ አይገባም።

ከአባቶች ዘንድ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሰው ስለ ራሱ መልካም ነገር ጽፎ ለዓለም ማሳየቱ ትዕቢት አይሆንምን? መልሳችን ከላይ የተናገርነው ልዩነት ነው። ራስን ማመስገን በእውነት ነውር ነው። ነገር ግን ሰው የሠራውን ሥራ በቍጥርና በስፍራው ሲናገር፥ የሚመሰክርለትንም ሲጠራ፥ ለሚመረምረው ሰው ራሱን አቀረበ እንጂ አልታበየም። እንዲያውም በትሕትና ስም ሙያውን የደበቀ ሰው ቤተሰቡን የሚያስርብ ከሆነ ትሕትናው ለማን ጠቀመ? ካህናት በየደብራቸው ወጣቶችን ሲመክሩ ይህን ልዩነት ቢያስረዱአቸው፥ ዐፋሩ ይበረታል፤ ጉረኛውም ይገሠጻል።

ገጹ ሁሉን እንደማይሠራ ግን መታወቅ አለበት። የሌለ ሥራን አይፈጥርም፤ ያልተማረውን ሰው አያስተምርም። በአዳማና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ብዙ ሥራ ዛሬም በማስታወቂያ ሰሌዳና በሰው ቃል ይገኛልና፥ ሥራ ፈላጊው ይህን ትቶ በስልኩ ላይ ብቻ ተቀምጦ አይዋል። ስልክና ኢንተርኔት የሌለውም ወገን ብዙ ነው። በአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም አሉ። በእነዚህ የሚማሩ ወጣቶች በዕረፍት ቀናቸው ለአንድ ወጥ ቤት ወይም ለአንዲት አልጋ አንጣፊ ገጹን ቢጽፉላቸው፥ ትምህርታቸው ከራሳቸው አልፎ ለጎረቤት ተረፈ ማለት ነው።

በመጨረሻ ቃላችን ወደ ሹማምንቱና ወደ አሠሪዎቹ ይመለሳል። ሥራ ፈላጊው ምንም በእውነት ቢጽፍ፥ የሚመሰክርለት ካጣ ጽሕፈቱ ብቻውን አይቆምም። የምስክር ወረቀት ለመስጠት ሠራተኛን ዛሬ ነገ እያሉ የሚያመላልሱ አለቆች የወረቀት ሥራ ያዘገዩ ይመስላቸዋል፤ የሚያዘገዩት ግን የሰውዬውን እንጀራ ነው። ለማያውቁት ሰው በዝምድና ብቻ የሚመሰክሩም የእውነተኛውን ባለሙያ ቦታ ለሌላ ይሰጣሉ። እንግዲህ በሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁሉ፥ ከእኛ ጋራ የደከመ ሠራተኛ ምስክርነት በጠየቀን ጊዜ ሳንጨምርና ሳንቀንስ፥ ሳንውልና ሳናድር ልንጽፍለት ይገባናል።