ጥሩ የእንፋሎት ካውያ ምን ዓይነት ነው?

የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ይውላል። ስሟን ከታቦር ተራራ በወሰደችው ከተማ፣ በደብረ ታቦር፣ በዚያ ሰሞን ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ቀኑን ሙሉ ውሎም እርጥበቱ አይለቀውም። ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ካውያ የግድ ነው። ገበያው ላይ ያለው ካውያ ግን ብዙ ነው፤ የቱ ልብሱን እንደሚያሳምር፣ የቱ እንደሚያበላሽ ለመለየት አሠራሩን ማወቅ ይረዳል።

ጥጥ ሴሉሎስ ከሚባል ረጅም ሞለኪውል የተሠራ ነው። ሞለኪውሎቹን ጎን ለጎን የሚያያይዙት ትስስሮች ደካሞች ስለሆኑ፣ ጨርቁ ሲጨመቅና ሲታጠፍ ተላቀው በአዲሱ ቦታቸው ይያያዛሉ። መጨማደድ የሚባለው ይኸው ነው። ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ትስስሩ ይላላል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ የካውያው ክብደት ያቃናዋል፤ እርጥበቱ ተንኖ ሲያልቅ ጨርቁ እንደተዘረጋ ይቀራል። እናቶቻችን ልብስ ላይ ውሃ አርከፍክፈው የሚተኩሱት ለዚህ ነው። የእንፋሎት ካውያ ማርከፍከፉንም መተኮሱንም በአንድ ጊዜ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ካውያ የፈጠራ መብት ኒውዮርክ ላይ በሄንሪ ሲሊ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሆን፣ እንፋሎት የሚሰጠው ዓይነት ለገበያ የቀረበው በ1926 ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ካውያን ግን ከፍታው እምብዛም አይጎዳውም። ውሃው ከማጠራቀሚያው ጠብ እያለ የሚያርፈው ከ100 ዲግሪ እጅግ በላይ በጋለ ብረት ላይ ነው፤ ጨርቁን አድርቆ የሚያቃናውም ያው ብረት ነው። ስለዚህ ዋናው መለኪያ የብረቱ ሙቀት ሳይዋዥቅ መቆየቱ ነው። ቴርሞስታቱ ደካማ ከሆነ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ሳይተን ይንጠባጠባል፣ ነጭ ልብስ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ጥሩ ካውያ ሙቀቱ ሲወርድ ውሃውን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አለው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያስተያዩ ማንበብ ይገባል። በደቂቃ 40 ግራም ውሃ ለማትነን ብቻ 1700 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። 1200 ዋት የሆነ ካውያ በተከታታይ 40 ግራም እሰጣለሁ ካለ አይታመንም። ለቤት ከ25 እስከ 30 ግራም ይበቃል፤ ለዚያም 2000 ዋት አካባቢ ያለው አስተማማኝ ነው።

የመብራቱም ነገር አለ። መስመሩ 220 ቮልት መሆን ሲገባው፣ ሁሉም ምጣድና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት ወደ 180 ከወረደ፣ ካውያው የኃይሉን ሲሶ ያጣል። 2000 ዋት የነበረው 1340 ገደማ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን እንፋሎቱን መቀነስ ወይም ሰዓቱን ማሳለፍ ይሻላል። 2000 ዋት ማለት 9 አምፔር ነውና በቀጭን ሽቦ በተሠራ ዲቫይደር ላይ አይሰካም። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ በሚገናኙበት ዕቃ ላይ ግራውንድ ያለው ፕላግና ሶኬት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሽማኔ የሠራው ልብስ የሙቀት ምልክት አይለጠፍበትም። በፋብሪካ ልብስ ላይ አንድ ነጥብ እስከ 110፣ ሁለት እስከ 150፣ ሦስት እስከ 200 ዲግሪ ማለት ነው። ጥጡ ሦስቱንም ይችላል፤ ጥበቡ ውስጥ የገባው ሰው ሠራሽ ክር ግን ሊቀልጥ ይችላል። የሐበሻ ቀሚስ ገልብጦ፣ ጥበቡ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሮ መተኮስ ነው። ለዚህም መቆጣጠሪያው ዝቅተኛውን ሙቀት በትክክል የሚይዝ ካውያ ይመረጣል። የካውያው ግርጌ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከሆነ ጠንካራ ነው፤ የማያጣብቅ ቅብ ያለው ደግሞ በዚፕና በቁልፍ ቶሎ ይጫራል።

ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ያው ቅርፊት የካውያውን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ውሃውን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞና አጥልሎ መጨመር ቅርፊቱን ይቀንሰዋል። ሥራ ሲያልቅ የተረፈውን ውሃ መድፋት ግዴታ ነው።

መብራት ሲጠፋ የከሰል ካውያ ዛሬም ያገለግላል። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላልና፣ ብርዱ ቢጠናም በር ዘግታችሁ አትተኩሱ።

ሲበላሽ በብሎን የሚከፈት ካውያ ይጠገናል። ፊውዙ ተቃጥሎ ባለሙያው ሽቦውን ቀጥታ ላገናኘው ካለ ግን እንቢ በሉ፤ ቤቱን ከእሳት የሚጠብቀው ፊውዙ ነው።

ስትገዙ የቁልፉ ብዛት አያታልላችሁ። ሱቁ ውስጥ ውሃ አስሞልታችሁ፣ አሰክታችሁ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። እየደጋገማችሁ ተኩሳችሁ አንዲት ጠብታ ካልጣለ ውሰዱት፤ ከጣለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።