በውጭ አገር ዜግነት ሳሉ በየካ ቤት ስለ መግዛት

በተወለደበት አገር ቤት ቢኖረው ደስ የማይለው ሰው የለም። ይልቁንም በባሕር ማዶ ብዙ ዘመን የኖሩ ወገኖቻችን እርጅናቸውን በአገራቸው ለማሳረፍ ሲያስቡ፥ አየሩ ቀዝቃዛ የሆነውንና ባሕር ዛፍ ያለበሰውን የእንጦጦን ግርጌ፥ የየካንም ሰፈሮች ይመኛሉ። ምኞታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ የሌላ መንግሥት ዜግነት ስለ ተቀበሉ በሕግ ፊት እንደ ውጭ አገር ሰው ይቈጠራሉ። በዚህም ምክንያት ቤቱን በወንድም ወይም በእኅት ስም መግዛት ቀላል መንገድ ይመስላቸዋል። ይህ መንገድ ስንቱን ቤተ ሰብ ሊያጣላ እንደሚችል በማሰብ፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን እንድትመለከቱት ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

የውጭ አገር ሰው በዚህ አገር ቦታ መያዙ ከቀድሞም በመንግሥት ፈቃድ የተወሰነ ነበር። ከ1888ቱ የአድዋ ድል በኋላ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች በየካ በኩል ሰፊ ግቢ ያገኙት ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ተሰጥቷቸው እንጂ እንደ ማናቸውም ገዢ ተገበያይተው አይደለም፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ390ኛው አንቀጽ፥ ያለ ንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ደነገገ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ በ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬ በየካ ቤት የሚገዛ ሁሉ ባለቤት የሚሆነው በቤቱ ላይ ነው፤ መሬቱን ግን በይዞታ ወይም በሊዝ ይጠቀምበታል።

እንዲህ ያለ ገደብ በሌላም አገር ይገኛል። በሜክሲኮ የባሕሩ ዳር ውበት ብዙ እንግዳ ይስባል፤ ሆኖም ከባሕሩ ጠረፍ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለው ስፍራ የውጭ አገር ሰው መኖሪያ ቤት ሲገዛ ንብረቱ በባንክ አደራ ተይዞለት ይጠቀምበታል እንጂ በቀጥታ በስሙ አይጻፍለትም። አደራው ግን በሕግ የተጻፈ አደራ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ አገር ዜጋ፥ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ሲይዝ፥ ከላይ የተነገረው የፍትሐ ብሔር ሕግ ክልከላ እንዳይነካው አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጭምር የሚሆን አዋጅ ወጥቶ፥ ከ150,000 የአሜሪካ ዶላር የማያንስ ገንዘብ ለሚያወጡት ቤት መግዛት ተፈቀደ። እንግዲህ የተፈቀደ በር ሳለ በጓሮ መግባት ምን ይጠቅማል?

ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ እንዲሉ፥ በወንድም መታመን የቆየ ወጋችን ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ቤቱ በወንድም ስም በተጻፈ ጊዜ ሕግ ባለቤት ነው ብሎ የሚገምተው ወንድሙን ነው። ወንድሙም ባለ ትዳር ቢሆን፥ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተገኘውን ንብረት፥ በአንደኛው ስም ቢጻፍም እንኳ፥ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የባልና የሚስት የጋራ ሀብት አድርጎ ይገምተዋል። ወንድሙ ቢሞት ደግሞ ልጆቹ የአባታችን ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ በስማቸው ያልተጻፈው አጎታቸው ገንዘቡን የላከበትን ወረቀት ይዞ በፍርድ ቤት ይቆማል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ ሰው አንድ እንኳ ላይኖር ይችላል፤ ክፉው ነገር ያልተጻፈው ውል ነው።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ መታወቂያውን ያውጣ። መምጣት ካልቻለ ለዘመዱ የሚሰጠው የውክልና ሥልጣን በኢትዮጵያ ኤምባሲ የተረጋገጠ፥ ቤት እንዲገዛለትም በግልጥ የሚናገር ይሁን፤ ካርታውም በገዢው ስም ይዛወር። ወኪሉ የይዞታ ካርታውን አይቶ፥ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን በክፍለ ከተማው መዝገብ አስመርምሮ፥ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ያስፈርም። በተለይ ከእንጦጦ ግርጌ ደላላ በአፉ የሚያወድሰውን፥ ካርታ የሌለውን ቦታና የጨረቃ ቤት የሚባለውን ርካሽ ነው ብሎ አይቀበል፤ የሚፈርስ ቤት ውድ ነው።

በመጨረሻም ለአገር ቤት ዘመድ የምንመክረው ይህ ነው። ወረቀቱን ወንድምህ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ፤ አንተው ቀድመህ በስሙ አስጽፍለት። ይህን ማድረግ አለመታመን አይደለም፤ የራስህን ስምና የልጆችህን ሰላም መጠበቅ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።