ርዳታ የሚገባው ማን ነው?

ለችግረኛ የተሰበሰበ ርዳታ የሚባክነው በመሰረቅ ብቻ አይደለም፤ የሚገባው ሰው ተዘልሎ የማይገባው ሲጻፍም ይባክናል። ስለዚህ ከመስጠት አስቀድሞ የተቀባዩን ኑሮ መርምሮ ማወቅ የተገባ ነው። ይህም ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሐዋርያት ዘመን የዕለት ምግብ ሲታደል አንዳንዶቹ መበለቶች ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ስለ ተነሣ፣ ለሥራው 7 ሰዎች ተመርጠው ተሾሙ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት፣ በመዝገብ የምትገባው መበለት ዕድሜዋ ከ60 ዓመት እንዳያንስ፣ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏት ግን በእነርሱ እንድትጦር ሥርዓት ሰጥቷል።

በኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ርዳታ ፈላጊ ከሆነ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በዚህም ተረጂ የሚሆነው የቀበሌው ነዋሪ ሆኖ፣ ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ የምግብ እጥረት ያገኘው፣ ወይም ሀብቱን በድንገት ያጣ፣ የሚደግፈው ዘመድም የሌለው እንዲሆን ተወሰነ። መሬቱ፣ ከብቱ፣ ከእርሻ ውጭ የሚያገኘው ገቢና ከዘመድ የሚላክለት ገንዘብ ሁሉ ይመዘናል። መሥራት የሚችለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ጉልበቱን እየሰጠ እንዲቀበል፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ፣ አካለ ስንኩልና በሽተኛ ግን ያለ ሥራ እንዲረዳ ተደረገ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ እንድታርፍ ተፈቀደላት።

ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰው ኑሮ ይለዋወጣልና መዝገቡ ሳይታረም ከቆየ እውነቱን ያጣል። አንዲት አሮጊት በከተማ ልጅ ስላላት «ጧሪ አላት» ተብላ ትጻፋለች፤ ልጁ ግን ራሱ ሥራ አጥቶ ምንም ላይልክላት ይችላል። አምና ሁለት በሬ የነበረው ገበሬ ዘንድሮ አንዱ ሞቶበት አንዱን ለዘር ሸጦ ይሆናል። ጎልማሳውም በዕድሜው «ጉልበተኛ» ተብሎ ይቈጠራል፤ ከልብሱ በታች ያለውን ደዌ የሚያይለት የለም። በሌላ ወገን ኑሮው የተሻሻለለት ሰው በመዝገቡ ሲቀመጥ የሌላውን ድርሻ ይዞ ይቀመጣል። የተመደበው ቍጥር ከችግረኛው ቍጥር ሲያንስ ደግሞ አንዱ ሲገባ አንዱ መውጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ስሕተቱ በጽሕፈት ትንሽ ቢመስልም በቤት ውስጥ ረኃብ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ከደንቡ አይጠፋም። ተረጂውን የሚመርጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ቅር ላለውም በቀበሌ የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ተደርጓል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና፣ የጎረቤት ምስክርነት ዝምድናና ወዳጅነት ካልገባበት ከወረቀት ይልቅ ይታመናል። ነገር ግን አቤት ለማለት እግር ያስፈልጋል፤ በአልጋ የዋለ ሰው ከሸንጎ አይደርስም። እንግዲህ ሹሙ ስም የሚሠርዝ እንደ ሆነ ምክንያቱን ለባለቤቱ ሊነግረውና አቤቱታውን ሳይሰለች ሊሰማው ይገባል። በየቤቱ እየገባ ሕመምተኛ የሚጠይቅ ካህንም ያየውን ለኮሚቴው በእውነት ቢያስታውቅ፣ ድምፅ ለሌለው ሰው ድምፅ ይሆንለታል። ድኻውን ራሱን ሳያዩ ስሙን ከመሠረዝ ግን ሁሉም ሊጠነቀቅ ይገባዋል።