ጥቁሯ ካላ፣ ዕረፍቷን የምትጠይቅ አበባ

ጥላ ሥር ያለች ጥቁር ካላ ከሩቅ ስትታይ ከሰል ትመስላለች። ዘንጓን ይዘው ከፀሐይ ፊት ሲያቆሟት ግን ጥቁረቷ ይገለጣል። ጠርዟ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ የታጠፈው ገጿ ደም ይመስላል፣ ጥልቁ ጉሮሮዋ ብቻ እንደጠቆረ ይቀራል። ቀለሟ በእውነቱ ጥቁር ሳይሆን ተደራርቦ ተደራርቦ የጠቆረ ቀይ ነው።

ይህችን አበባ አይተው የወደዷት ብዙ ናቸው፤ ተክለው ያጧትም እንደዚያው። የሚያጧት ችላ ስለሚሏት አይደለም። እንዲያውም አብዝተው ስለሚንከባከቧት፣ በተለይም ውሃ ስለሚያበዙባት ነው። ነጯን ካላ የሚያውቅ አትክልተኛ ጥቁሯንም በነጯ ልማድ ሊያሳድጋት ይሞክራል። ሁለቱ ግን ከተለያየ መሬት የመጡ፣ የተለያየ ጠባይ ያላቸው እኅትማማቾች ናቸው። ጥቁሯን ለማሳደግ ቁልፉ ይህን ልዩነት ማወቅ ነው።

ስሟና ዘመዶቿ

ካላ ሊሊ በትክክለኛው አጠራር ካላም አይደለችም፣ ሊሊም አይደለችም። ሳይንሳዊ ስሟ ዛንቴዴስኪያ ሲሆን ቤተሰቧ የጎደሬ ቤተሰብ ነው። የጎደሬን ሰፊ ቅጠል የሚያውቅ ሰው የካላን ቅጠል ሲያይ ዝምድናቸው አይጠፋውም።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ነጯን ካላ “ካላ ኤቲዮፒካ” ብሎ መዘገባት። ጀርመናዊው ኩርት ሽፕሬንግል ደግሞ በ1826 ከካላ ወገን ለይቶ፣ ለጣሊያናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ለጆቫኒ ዛንቴዴስኪ መታሰቢያ አሁን የምትጠራበትን ስም ሰጣት። “ኤቲዮፒካ” የሚለው ቃል የአገራችን ተወላጅ ናት ብለን እንድናስብ ያደርጋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ቃሉን ከግብፅ በስተደቡብ ላለው ሰፊ የአፍሪካ ምድር ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር። የነጯ ካላ የትውልድ መሬት ደቡብ አፍሪካ፣ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች አጥር ሥር የምናያት ነጭ ካላ በሰው እጅ የመጣች እንግዳ ናት።

ዛንቴዴስኪያ ስምንት ዝርያዎች አሏት። ነጯ የወንዝ ዳርና የረግረግ ልጅ ናት፤ ውሃ እስካላጣች ድረስ ዓመቱን ሙሉ ለምልማ ትኖራለች። ባለ ቀለሞቹ ዘመዶቿ ግን ዝናብ በሞቃቱ ወራት በሚጥልበት፣ የብርዱ ወራት ደረቅ በሆነበት በደቡባዊ አፍሪካ የሣር ምድር የበቀሉ ናቸው። ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣሉ፣ ያብባሉ፤ ድርቁ ሲመጣ ቅጠላቸውን ጥለው መሬት ውስጥ ይተኛሉ። ከእነዚህ መካከል በምፑማላንጋ፣ በክዋዙሉ ናታልና በኤስዋቲኒ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የምትበቅለው ዛንቴዴስኪያ ሬማኒ ከሮዝ እስከ ጠቆር ያለ ቀይ ታብባለች። ዛሬ ጥቁር ብለን የምንጠራቸው ካላዎች ቀለም በአመዛኙ ከእርሷ የወረሱት ነው።

ጥቁረቷ ከየት መጣ?

አበባ ብለን የምናደንቀው ጥሩምባ መሰል ክፍል በእርግጥ አበባ አይደለም፤ መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች በመካከል በቆመው ዘንግ ላይ የተሰገሰጉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው፤ ሴቶቹ ከታች፣ ወንዶቹ ከላይ። አበባዋ ጊዜዋን ስትጨርስ ያ ባለ ቀለም ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። ይህን አይቶ ታመመች ብሎ የሚደነግጥ ሰው ይኖራል። በሽታ ግን አይደለም፤ ቅጠሉ ወደ ቀድሞ ሥራው መመለሱ ነው።

ጥቁረቱን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም ነው። ቀይ ሽንኩርትንም የሚያቀላው ይኸው ነው። በካላ ቅጠል ውስጥ በብዛት ሲከማች ብርሃን መመለስ ያቅተዋል፤ ዓይናችንም ጥቁር ብሎ ያነበዋል። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይህን ቀለም ያጠልቀዋል፣ ኃይለኛ ሙቀት ያደበዝዘዋል። አንዱ ዝርያ በደጋ ጥቁር፣ በቆላ ግን ተራ ቀይ መስሎ ሊያብብ የሚችለው ለዚህ ነው።

ባለ ቀለም ካላዎችን በማዳቀል ኒውዚላንድ ቀዳሚ ስፍራ አላት፤ ኔዘርላንድና ካሊፎርኒያም ትልልቅ አምራቾች ናቸው። በገበያ ከታወቁት ጥቁሮች መካከል በጀርመን ጥቁር ደን የተሰየመው ሽቫርትስቫልደር፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ኦዴሳ፣ እንዲሁም ሆት ቾኮሌት ይገኙበታል። ፒካሶ ጉሮሮው ወይን ጠጅ፣ ጠርዙ ነጭ ነው። ገዢ ግን በስም ብቻ መተማመን የለበትም። ብላክ ማጂክ የሚባለው ለምሳሌ ስሙ ጥቁር ይበል እንጂ አበባው ቢጫ ነው፤ የጠቆረው ጉሮሮው ብቻ ነው።

አዳቃዮች ለረጅም ጊዜ ሲመኙ የኖሩት የነጯን ውሃ ቻይነት ከጥቁሯ ቀለም ጋር ማዋሐድ ነበር። ነጯ ከባለ ቀለሞቹ ጋር ስትዳቀል ግን የሚበቅሉት ችግኞች አረንጓዴ የላቸውም፤ ነጥተው ይወጡና ምግባቸውን መሥራት አቅቷቸው ይሞታሉ። ስለዚህ ጥቁሯን የሚተክል ሰው የደረቅ ተዳፋት ልጅ መሆኗን ተቀብሎ መነሣት አለበት።

ሥሯን መምረጥና መትከል

ጥቁሯ ካላ የምትተከለው ድንች በሚመስለው ሥሯ ነው። ጤነኛው ሲጨብጡት እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ቆዳው የደረቀ ነው። አንዱ ገጹ ለስላሳ ነው፤ በሌላው ገጹ ላይ እንደ ድንች ዓይን ያሉ ጉብታዎች ይታያሉ። ሊነቁ ሲሉ ጉብታዎቹ ያብጣሉ፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮችም የሚወጡት ከዚያው ከጉብታዎቹ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ወደ ሰማይ ሆኖ መተከል አለበት። በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን በነጻም ቢሰጥ መቀበል አያስፈልግም። ትልቅ ሥር ከትንሹ ይልቅ ብዙ አበባ ይሰጣል። ለገበያ የሚያመርቱ ሰዎች አበባውን ለማብዛት ሥሩን ከመትከላቸው በፊት ጅብረሊክ አሲድ በተባለ የዕድገት ሆርሞን ውስጥ ይነክሩታል። ለቤት አትክልተኛ ግን ይህ ግድ አይደለም።

ጥልቀቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት። የደጋችን መረሬ አፈር ለዚህች አበባ አይስማማትም፤ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። መሬቱ መረሬ ከሆነ ብስባሽና ጠጠር ያለበት አሸዋ ቀላቅሎ መደብ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ሸክላ መትከል ይሻላል። አፈሩ ለመንካት ሞቅ ማለት፣ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሆን አለበት። በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ የተቀበረ ሥር ሳይነቃ ይበሰብሳል።

ውሃ፣ ብርሃንና ምግብ

ቡቃያው እስኪወጣ ድረስ አፈሩ ርጥብ ሳይሆን ወዝ ያለው ይሁን። ቅጠሉ ከተዘረጋ በኋላ ውሃ ይጨመራል፤ የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል እንደገና ይጠጣል። ማጠጣት ያለብን ማለዳና ከሥር ነው፤ ማታ ቅጠል ላይ የተኛ ውሃ በሽታ ይጠራል። በደጋ ሙሉ ፀሐይ ትወዳለች፤ ሙቀት በበረታበት አገር ግን ከቀትር በኋላ ጥላ ያስፈልጋታል።

ማዳበሪያ ላይ መቆጠብ ያዋጣል። ናይትሮጅን ሲበዛባት ቅጠሏ ይወፍራል፣ አበባዋ ያንሳል፣ ሰውነቷም ለብስባሴ የተጋለጠ ይሆናል። በደንብ የበሰለ ብስባሽና ፖታሲየም የማያንሰው መጠነኛ ማዳበሪያ ይበቃታል። ከተተከለች ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ታብባለች።

ዋናው ጠላት

የጥቁሯ ካላ ትልቁ ጠላት ቀድሞ ኤርዊኒያ፣ ዛሬ ፔክቶባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ድንችና ካሮትን በመጋዘን የሚያበሰብሰው ይኸው ነው። በጆንያ ውስጥ የበሰበሰ ድንች የሸተተው ሰው የታመመች ካላንም በአፍንጫው ይለያታል። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ቅጠል ዛሬ ከሥሩ ላልቶ ይወድቃል፤ ሲነኩት እንደ ገንፎ ይሆናል። ባክቴሪያው የሚገባው በቁስል ነው፤ ሙቀትና ውሃ ሲገናኙለት ይበረታል። የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅሎ ማስወገድ፣ መሣሪያውንም ማጽዳት ግድ ነው። በእስራኤል የቮልካኒ የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ተክሏ ራሷን እንድትከላከል የሚያነቁ መንገዶችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። እስከዚያው ግን የአትክልተኛው መድኃኒት ውሃ የማይቋጥር አፈርና ያልቆሰለ ሥር ነው።

ጎደሬን የሚያጠቃው ዳሺን ሞዛይክ የተባለ ቫይረስም ለካላ ይተርፋል። ቅጠል ላይ ዝንጉርጉር መልክ ያመጣል፤ የሚያዛምተው ክሽክሽ ስለሆነ ክሽክሽን መቆጣጠር ያስፈልጋል።

የዕረፍቷ ወራት

አበባው ካለፈ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እንዲያውም የከርሞ አበባ የሚሰናዳው ያኔ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ እየሞቀ ለሥሩ ስንቅ ያከማቻልና አረንጓዴ እስካለ ድረስ አይቆረጥም። በራሱ ጊዜ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውሃ እየቀነሱ ሄዶ ማቆም ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ሥሩ ሳይቆስል ይወጣል፤ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል፤ ከዚያ በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ፌስታል ውስጥ መቋጠር አይገባም፤ ላብ ይዞ ይበሰብሳል። ሁለት ወይም ሦስት ወር ካረፈች በኋላ ዓይኖቿ ማበጥ ሲጀምሩ የመትከያዋ ጊዜ ደረሰ ማለት ነው።

ይህ ዑደት እንደየአገሩ ይስተካከላል። በዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው ውርጭ ካለፈ በኋላ በጸደይ ተክሎ፣ ውርጭ ሳይመለስ በመከር ያወጣታል። በእስራኤል ዝናቡ የሚጥለው ልታርፍ በሚገባት በብርዱ ወራት ስለሆነ ጣሪያ ሥር መግባት አለባት። ለደጋችን የሚስማማው ስሌት ደግሞ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መትከል ነው። እንዲህ ከሆነ አበባዋ የሐምሌ ዶፍ ሳይመጣ ይደርሳል። ክረምቱን ቅጠሏ ከፍ ባለ መደብ ወይም ከጣሪያ ጠርዝ ሥር በቆመ ሸክላ ውስጥ ስንቋን እያከማቸ ይከርማል።

ከመደብ ወደ ጠረጴዛ

ካላ ከተቀጠፈች በኋላ ብዙም አትከፈትም፤ ስለዚህ ጥሩምባዋ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው ነው የምትወሰደው። ባለሙያዎች ዘንጓን ወደ ታች ይዘው በመሳብ ይነቅሉታል፤ ቢላ ከተክል ወደ ተክል በሽታ ያስተላልፋልና። አበባ ማስቀመጫው ውስጥ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃታል፤ ሲበዛ የዘንጓ ጫፍ ይለሰልስና ይሰነጠቃል። ውሃው ቶሎ ቶሎ ከተቀየረላት አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቆያለች።

ሁለመናዋ ካልሲየም ኦክሳሌት የተባሉ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉት። በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ የሚያሳክከው በእነዚሁ ምክንያት ነው። ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት መራቅ አለባት፤ ነቅሎ የጨረሰ ሰውም እጁን ይታጠብ።

ጥቁሯን ካላ ለማኖር ብዙ ጥበብ አያስፈልግም፤ በጊዜው መስጠትና በጊዜው መተው ይበቃል። መስከረም ጠብቶ ሜዳው በአደይ ሲያሸበርቅ የእርሷ ቅጠል ቢጫ መሆን ይጀምራል። ያኔ ውሃ መያዣውን አስቀምጦ ማስተኛት ነው።